ኮሌጁ የሚያሠለጥነውና ክፍሉ የሚጠይቀው፦ በመምህራን ሥልጠናና በሶሻል ትምህርት ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በብዛት የሚያነሱልኝ ዕጩ መምህራን፣ ገና የተመረቁ ወጣቶችና የኮሌጅ ባልደረቦቼ ናቸው። ወደ ማሠልጠኑ ከመምጣቴ በፊት ለዓመታት ሶሻል ያስተማርኩ በመሆኔ፣ መልሱን ሁሉ የምጀምረው ከክፍሉ ነው።

ሶሻል ምን ዓይነት ትምህርት ነው? ከጂኦግራፊና ከታሪክ የሚለየውስ በምን?

ሁላችንም ሶሻል እያልን የምንጠራው የኅብረተሰብ ትምህርት ጂኦግራፊን፣ ታሪክን፣ ጥቂት ኢኮኖሚክስን፣ ስለ ሕዝብና ስለ ባህል የሚነገረውን ሁሉ በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ መምህር እጅ የሚሰጥ ትምህርት ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ይሰጥ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በተተገበረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ድርሻው 7ኛና 8ኛ ክፍል ሆኗል። ከዚያ በታች ያለው አካባቢ ሳይንስ ነው፤ 9ኛ ክፍል ሲደርሱ ጂኦግራፊና ታሪክ ለየብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ልጅ ሶሻልን በስሙ የሚማረው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ሁለተኛው ዓመት ደግሞ የ8ኛ ክፍል ፈተና ያለበት ነው።

አሳቡ ለአፍሪካ አዲስ አይደለም። በ1968 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጨምሮ የበርካታ አገሮች የትምህርት ሰዎች ሞምባሳ ላይ ተሰብስበው፣ ልጆቻችን ስለ ሰውና ስለ ምድር ሲማሩ ከገዛ አካባቢያቸው ይጀምሩ ብለው ተስማምተዋል። ልጁ ከደጁ ተነሥቶ ወረዳውን፣ አገሩን፣ አህጉሩን እንዲያይ ማለት ነው። ወንዙን ስናነሣ ወንዙ ዳር የኖረውን ሰው፣ ያረሰውን፣ የተዋጋበትን አብረን እናነሣለን። ከሁለቱ ትምህርቶች የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ሁለት መጻሕፍትን አንድ ላይ መጠረዝ ሶሻል አያደርግም።

ኮሌጅ ውስጥ ጂኦግራፊም ታሪክም ተምሬአለሁ። ክፍል ስገባ ለምን ይከብደኛል?

ይህን የሚጠይቁኝ ሰነፍ የነበሩ ልጆች አይደሉም፤ ብዙውን ጊዜ ጥሩ ውጤት ይዘው የወጡት ናቸው። የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ ዕጩ መምህር በፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄዶ በሚለማመድበት ጊዜ፣ ላይ ሳለ ከኋላ ዴስክ ተቀምጬ አየው ነበር። ርዕሱ የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ነው። ልጁ ተዘጋጅቶበታል። የጀርመኑን ሊቅ የኮፐንን ምድቦች በላቲን ፊደላቸው ሰሌዳው ላይ ደረደረ፤ የእያንዳንዱን ሙቀትና ዝናብ አስረዳ። የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የእኛ አገር የትኛው ውስጥ ነው?» አለችው። ፊደሎቹን ነገራት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ደጋ ነው ወይና ደጋ?» ብላ ደገመች። ዝም አለ። መጽሐፉን ገለጠ፣ መልሶ ዘጋው።

ያ ልጅ ደጋን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ገብስ ከሚበቅልበት አገር የመጣ ነው። የኮሌጁ ኮርስ ኮፐንን አስተማረው፤ የተማሪዋ መጽሐፍ ደግሞ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ በከፍታ ይከፍላል። ሁለቱን ያገናኘለት ሰው አልነበረም። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀንስ ኮሌጅ ውስጥ ተምሮ ፈተና ላይ ሠርቶታል። ነገር ግን ጤፍ ለምን ወይና ደጋ ላይ እንደሚያምር፣ ሽቅብ ሲወጣ ለምን ለገብስ ቦታ እንደሚለቅ፣ ማሽላስ ለምን ቆላ እንደሚወርድ በዚያ ቁጥር አስረዳ የሚል ጥያቄ አንድም ቀን አልቀረበለትም። የሶሻል መምህር ዕለት ተዕለት የሚሠራው ሥራ ግን ይኸው ነው።

የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ሲለወጥ የኮሌጁ ሞጁል አብሮ አይለወጥም?

አብሮ መለወጥ ነበረበት። በተግባር ግን የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ይቀድማል፣ ሞጁሉ፣ ማለትም ሠልጣኙ ኮሌጅ ውስጥ የሚማርበት የኮርስ ጽሑፍ፣ ይከተላል። በአንድ ቀን ቢለወጡ እንኳ የጊዜ ልዩነቱ አይቀርም፤ በአዲሱ ሞጁል መማር የጀመረ ሠልጣኝ ተመርቆ ክፍል እስኪገባ ሦስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የ2015ቱ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሲደርስ 2ኛ ዓመት ላይ የነበሩ ሠልጣኞች በአሮጌው ተምረው በአዲሱ ማስተማር ግድ ሆኖባቸዋል።

የክፍል እርከኑ ለውጥ ደግሞ ብዙ ሰው ያላሰበውን ነገር አመጣ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ሶሻል እንዲያስተምር የሠለጠነ መምህር፣ 5ኛና 6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ሲሆን ተክልና እንስሳት፣ ጤናና ኃይል ያለበትን መጽሐፍ ተረከበ። የሳይንስ መምህሩም በተራው ስለ ሕዝብና ስለ ቅርስ ሊያስተምር ሆነ። የሁለቱም ዲፕሎማ ለዚህ አላዘጋጃቸውም። ይህን የምለው አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ለማጣጣል አይደለም፤ አካባቢ ሳይንስን እስከ 6ኛ ክፍል መዝለቁን እኔ ራሴ እደግፈዋለሁ። ቅር የሚለኝ መምህሩ ብቻውን መተዉ ነው።

ሥልጠናውን ከክፍሉ ጋር ማጣጣም ሲባል ኮሌጁ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፍ ብቻ ያስተምር ማለት ነው?

አይደለም። ከተማሪው መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ቀድሞ የሚያውቅ መምህር በመጀመሪያው ጥያቄ ይሰናከላል። የሶሻል መምህር ከመጽሐፉ ብዙ እጥፍ ማወቅ አለበት። እኔ የምለው፣ ኮሌጁ የሚያስተምረው እያንዳንዱ ትልቅ አሳብ ወደ ልጁ መጽሐፍ የሚወርድበት መንገድ እዚያው ኮርሱ ውስጥ ይታይ ነው። ኮፐንም ይሰጥ፤ በዚያው ሳምንት ግን ደጋና ቆላ አብረው ይምጡ።

ታዲያ ሥራው ከየት ይጀመራል?

ከተማሪው መጽሐፍ። ብዙ ጊዜ የሞጁል ክለሳ ሲደረግ አሠልጣኞች አሮጌውን ሞጁል ፊት ለፊት አስቀምጠው ምን እንጨምር፣ ምን እንቀንስ ይላሉ። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ እንኳ የማይኖርበት ጊዜ አለ። እኔ የተገኘሁበት አንድ የክለሳ ስብሰባ ሁለት ቀን ከፈጀ በኋላ ነው አንዲት ባልደረባችን የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ከልጇ ቦርሳ አውጥታ ያመጣችው። ከዚያ በኋላ የነበረው ውይይት ሌላ ሆነ።

እኛ ያደረግነው ይህን ነው። አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በግራ በኩል የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ምዕራፎችን ከነንዑስ ርዕሳቸው ወደ ታች ጻፍን። ከጎኑ በመርሐ ትምህርቱ መሠረት ልጁ ከዚያ ርዕስ በኋላ ማድረግ ያለበትን አሰፈርን። ቃሉን እንዳለ ነው የገለበጥነው፤ «ያስረዳል» የሚለውን «ያነጻጽራል» ብለን አልለወጥንም፤ የምናሠለጥነው በዚያ ግስ ስለሆነ። ቀጥሎ፣ ይህን ርዕስ መምህሩ ኮሌጅ ውስጥ በየትኛው ኮርስ፣ በስንተኛው ምዕራፍ ያገኘዋል? በመጨረሻም፣ ይህን ርዕስ ለልጅ ማስተማርን የተለማመደው የት ነው?

ሦስተኛው ዓምድ በአብዛኛው ሞላ። አንዳንድ ርዕስ እንዲያውም ሦስት ኮርስ ላይ ተደጋግሞ ተገኘ፤ መሬት በፀሐይ ዙሪያ መዞሯን ሠልጣኙ ሦስት ጊዜ ይሰማል። አራተኛው ዓምድ ግን ከላይ እስከ ታች ባዶ ሊባል የሚችል ነበር። «የማስተማር ዘዴ» የሚለው ኮርስ ስለ ውይይት፣ ስለ ቡድን ሥራ፣ ስለ ገለጻ ይናገራል፤ የትኛውን ርዕስ በየትኛው ዘዴ የሚለው የለበትም። ያን ባዶ ዓምድ ያየ ሰው ምን መለወጥ እንዳለበት ሌላ ማስረጃ አይፈልግም።

ሠንጠረዡን ዲፓርትመንቱ ብቻውን ቢሠራው ይጎድላል። በጉድኝት ማዕከላችሁ፣ ማለትም በአንድ ላይ በተቧደኑት የአካባቢው ትምህርት ቤቶች፣ ካሉት ቢያንስ ሁለት ልምድ ያላቸው የሶሻል መምህራን አብረው ይቀመጡ። የትኛው ርዕስ ሁለት ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት አምስት እንደሚፈጅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አንድ ርዕስ ወስደው ሊያሳዩን ይችላሉ?

ዓባይን እንውሰድ።

እንደተለመደው ከሆነ፣ ጂኦግራፊ አሠልጣኙ የወንዞችን ተፋሰስ ያስተምራል፤ ታሪክ አሠልጣኟ ውሎችንና ግንኙነቶችን ታስተምራለች፤ የዜግነት ትምህርት አሠልጣኙ ስለ ጋራ ሀብት ይናገራል። ሠልጣኙ ሦስት ዓባይ ይዞ ይወጣል። ክፍል ውስጥ የሚጠብቀው ግን አንድ ወንዝና ስድሳ ልጅ ነው።

አብረን ስንሠራው ሦስቱ አሠልጣኞች ተቀምጠው አንድ ጥያቄ መረጡ፦ «ከእኛ ተራሮች የሚወርድ ውኃ ለምን የብዙ አገሮች ጉዳይ ሆነ?» ይህን የ8ኛ ክፍል ልጅ ይረዳዋል፤ ደግሞም በአንድ ትምህርት ብቻ የማይመለስ ነው።

ለመመለስ መጀመሪያ መሬቱ ይመጣል። ክረምት የሚዘንብበት ደጋ፣ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እየዞረ የሚወርደው ወንዝ፣ ድንበር አልፎ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር መገናኘቱ። ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ እንደሚነሣ ሠልጣኙ ይናገራል፤ ከዚያ ልጆቹ ካርታው ላይ ጣታቸውን አስቀምጠው ወንዙን ከጣና እስከ ሜዲትራኒያን ይከተላሉ። ጣት ማስቀመጡን እንደ ቀላል ነገር አትዩት። ወንዝ ወደ ሰሜን ሲፈስ «ሽቅብ ይወጣል» ብሎ የሚያስብ ልጅ ብዙ ነው፤ ካርታው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሰሜን ከላይ ስለሚሆን። ካርታውን ከግድግዳው አውርዶ መሬት ላይ ማንጠፍ፣ ሰሜኑንም ወደ እውነተኛው ሰሜን ማዞር ያንን ስሕተት ያጠፋል። ይህን እኔ የተማርኩት ከአንድ አሮጌ መምህር ነው፤ ከኮሌጅ አይደለም።

ቀጥሎ ታሪኩ ይመጣል። በ1959 እ.ኤ.አ. ግብፅና ሱዳን ብቻቸውን ተስማምተው 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም። የሕዳሴው ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ ተጣለ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። እዚህ ላይ ልጆቹ ከቤታቸው የሚያመጡት ነገር አለ፤ ቦንድ የገዛ አባት፣ ከደመወዟ ያዋጣች እናት። ያን የቦንድ ወረቀት ክፍል ውስጥ ያመጣ ልጅ የታሪክ ምንጭ ምን እንደሆነ ያለ ትርጓሜ ይገባዋል።

በመጨረሻ ጥያቄው ወደ ልጆቹ ይመለሳል፦ የላይኛውና የታችኛው መንደር አንድ ምንጭ ቢጋሩ እንዴት ይስማሙ ነበር? ይህን ክርክር እነሱ ከእኔና ከእናንተ በተሻለ ይመሩታል፤ የመስኖ ተራ የሚጠብቅ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ልጆች ናቸውና።

ይህን ሁሉ ያዘጋጀው ሠልጣኝ ሦስት ክፍለ ጊዜ ፈጅቶበታል። ኮሌጁ ውስጥ ግን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ከሚደረደሩ የዘዴ ስሞች የበለጠ ያስተማረው ይህ ነው።

የዘመን አቆጣጠር ልዩነትን እንዴት እናስተምር? ልጆቹ ይምታታባቸዋል።

መምህሩም ይምታታበታል፤ ኮሌጁ በአውሮፓ አቆጣጠር አስተምሮት መጽሐፉ በእኛ ሲመጣ። ልዩነቱ ሰባት ነው ስምንት የሚለው ክርክር በየክፍሉ አለ። ሁለቱም ልክ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ፈረንጆች አዲስ ዓመታቸውን ካከበሩ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት ይሆናል።

በሁለት ቀን ያስረዱት። ሉሲ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ሰባት ደምሩ፣ 1974 እ.ኤ.አ. ይሆናል። የዓድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ደምሩ፣ 1896 እ.ኤ.አ. ይሆናል። ልጁ ወሩን ሳይጠይቅ ዓመት እንዳይለውጥ ይማራል። ይህ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው፤ ሆኖም ሳያውቁት ተመርቀው የሚወጡ አሉ።

የተማርኩት በእንግሊዝኛ፣ የማስተምረው በአማርኛ ነው። ቃላቱን ከየት ላምጣ?

በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለሚያስተምሩ ሁሉ ይህ ከባድ ሸክም ነው፤ በአፋን ኦሮሞም፣ በትግርኛም፣ በሲዳምኛም የሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። ሠልጣኙ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ ብሎ ተምሮ፣ የልጁ መጽሐፍ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲል ያገኘዋል። ሁለቱን የሚያቀያይር መምህር አይቻለሁ፤ የምድር ወገብን የሚያቋርጠው የቱ እንደሆነ ጠፍቶበት አልነበረም፣ ቃሉ ነው የጠፋበት።

የእኛ መፍትሔ ቀላል ነበር። ሠልጣኞች ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ ባለ ሁለት ዓምድ ደብተር ይይዛሉ። አሠልጣኙ በእንግሊዝኛ ያለውን ቃል እነሱ የተማሪው መጽሐፍ ውስጥ ፈልገው ያገኙታል፤ የአፈር መሸርሸር፣ የመሬት ገጽታ፣ የሕዝብ ብዛት እያሉ። መጽሐፉ ራሱ አንድን ነገር 7ኛ ላይ በአንድ ስም፣ 8ኛ ላይ በሌላ ስም የጠራበትን ቦታ ጭምር ያገኛሉ። በምረቃ ቀን ያ ደብተር ከሁሉም ሞጁል ይልቅ ያረጀው ነበር።

ማይክሮ ቲቺንግ እና ፕራክቲከም እያሉ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?

ፕራክቲከም በ1995 ዓ.ም. ከመጣው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ጋር ሲጠናከር፣ ሠልጣኝ በመጨረሻው ዓመት ብቻ ክፍል እንዲያይ ከማድረግ ይልቅ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትምህርት ቤት እንዲመላለስ ታስቦ ነው። አሳቡ ትልቅ ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን ሠልጣኙ ቅጽ ሲሞላ ይውላል። የግቢውን አጥር ይቆጥራል፣ የርዕሰ መምህሩን ቢሮ ይገልጻል፣ ሪፖርት ይጽፋል። ሶሻል እንዴት እንደሚማሩ ልጆቹን ሳያይ ይመለሳል።

በማይክሮ ቲቺንግ፣ ማለትም ኮሌጅ ውስጥ በሚደረገው አጭር የማስተማር ልምምድ፣ ሠልጣኙ የሚያስተምረው ለጓደኞቹ ነው። ጓደኞቹ የካርታ መስፈርትን (መሬቱ ካርታው ላይ ስንት ጊዜ እንዳነሰ) ያውቃሉ፤ ስለዚህ «አንድ ለሃምሳ ሺህ» ሲል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። 7ኛ ክፍል ውስጥ ግን ካርታ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ተቀምጧል። እኔ የማሠራው ይህን ነው፦ ሠልጣኞች ገመድ ይዘው ወደ ግቢው ይወጣሉ። በየአንድ ሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ነው። የአንድን የመማሪያ ሕንፃ ዙሪያ ይለካሉ። 60 ሜትር በ40 ሜትር ሆነ እንበል። ይህን ደብተራችሁ ላይ ሣሉት እላለሁ። አይበቃም ይላሉ። ስንት ጊዜ እናሳንሰው? አንድ ሺህ ጊዜ ካሳነስነው 6 ሴንቲ ሜትር በ4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ደብተሩ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ ነው 1 ለ50,000 የሆነውን የመልክዓ ምድር ካርታ የምዘረጋው። 2 ሴንቲ ሜትሩ 1 ኪሎ ሜትር ነው ስላቸው ከቤታቸው እስከ ገበያ ያለውን መንገድ በማስመሪያ መለካት ይጀምራሉ። ይህን ያደረገ ሠልጣኝ ልጆቹንም ያስወጣቸዋል። ገመድ በየቤቱ አለ።

ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል አካባቢ ሳይንስ ለማስተማር የምሠለጥን ነኝ። ይህ እኔን ይመለከታል?

በጣም ይመለከትዎታል። ሶሻል 7ኛ ክፍል ላይ የሚያድገው እርስዎ በዘሩት ላይ ነው። 3ኛ ክፍል ሳለ የሰፈሩን ንድፍ ያልሣለ ልጅ 7ኛ ክፍል ላይ ካርታ ይፈራል።

አከራካሪ የታሪክ ርዕሶችን በተመለከተ ኮሌጁ ምን ማዘጋጀት አለበት?

በአንድ ክፍል ውስጥ ከተለያየ ወገን የመጡ፣ ቤታቸው የተለያየ ታሪክ ሲነገራቸው ያደጉ ልጆች አሉ። መምህሩ «ይህ ክፍለ ጊዜ አልፎልኝ በሄደ» እያለ ሲጸልይ አይቻለሁ። መዝለል መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁ መልሱን ከስልክ ያገኘዋል።

ሠልጣኝ ሁለት ነገር ኮሌጅ ውስጥ መለማመድ አለበት። የመጀመሪያው ምንጭ ማንበብ ነው። የውጫሌ ውል ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ሲፈረም አንቀጽ 17 በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ነገር እንዲናገር ተደርጎ ነበር። የአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ በጣሊያን በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር ይቻላቸዋል ሲል፣ የጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። ሠልጣኝ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ቃል ምን ያህል መዘዝ እንዳለው ለልጆች ማሳየት ከቻለ፣ ሌላውንም ታሪክ «ማን ጻፈው? መቼ? ለምን?» እያለ ማስተማር ይችላል። ሁለተኛው በክፍል ውስጥ የሚነሣ ስድብን በእርጋታ ማቆም ነው። ይህ በገለጻ አይገኝም፤ አንዱ ሠልጣኝ ተማሪ፣ አንዱ መምህር ሆኖ ደጋግሞ በመለማመድ ይገኛል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ይቆጣሉ፤ በአራተኛው ዙር ድምፃቸው ይለዝባል።

ምዘናውስ? ኮሌጁ የሚፈትነን ከምናስተምረው ጋር ይገናኛል?

ሠልጣኝ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። የኮሌጁ ፈተና «የአፈር መሸርሸር መንስኤዎችን ዘርዝር» ካለ ዘርዝሮ ይወጣል። እኔ አሁን ግማሹን ነጥብ የማደርገው የተማሪ መልስ አቅርቤ ነው፦ «አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሕዝብ የበዛበት አገር ሁሉ ድኻ ነው ብሎ ጻፈ። ምን ትመልስለታለህ? ምን ታሳየዋለህ?» ይህን ለመመለስ የሕዝብ ጥናትንም ልጁንም ማወቅ ግድ ነው። መጀመሪያ ሲፈተኑ ብዙዎቹ ወደቁ፤ የወደቁት ጎበዝ ሸምዳጆች ናቸው። ቅሬታ መጣብኝ፤ ግን አልተውኩትም።

ድሮ ተመርቄአለሁ፣ ሥልጠናም አይደርሰኝም። ብቻዬን ምን ላድርግ?

ብቻዎን አይሁኑ። በትምህርት ቤትዎ ታሪክ የሚቀናው አንድ መምህር፣ ጂኦግራፊ የሚቀናው ሌላ አለ። ከሳምንቱ አንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ መርጣችሁ የሚቀጥለውን ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡ። እርስዎ ካርታውን ለእሷ ያስረዷታል፤ እሷ ዘመኑን ታስረዳዎታለች። ይህ ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የሚሞላው ቅጽ ላይም በእውነት የሚጻፍ ሥራ ነው። አካባቢ ሳይንስ የደረሰዎት ከሆነ ደግሞ ከሳይንስ መምህሩ ጋር ርዕስ መቀያየር ይጀምሩ፤ እሱ ኃይልን ለእርስዎ ተማሪዎች፣ እርስዎ ቅርስን ለእሱ ተማሪዎች።

የኮሌጅ አሠልጣኝ ነኝ፤ ሞጁሉን የመለወጥ ሥልጣን ግን የለኝም።

ማዕቀፉ ከትምህርት ሚኒስቴር፣ ኮሌጁ ከክልል ትምህርት ቢሮ ጋር የተያያዘ ነውና የኮርሱን ስምና ክሬዲት መለወጥ አይችሉ ይሆናል። የነገውን ክፍለ ጊዜ ምሳሌ ግን ማንም አይወስንልዎትም። ዛሬ ወደ ቢሮዎ ሲመለሱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የተማሪ መጽሐፍ ጠረጴዛዎ ላይ አለ? ከሌለ በአቅራቢያ ያለውን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቤት ጠይቀው ይዋሱ። ከዚያ የሚቀጥለውን ሳምንት ርዕስ በመጽሐፉ ማውጫ ውስጥ ይፈልጉት፤ ያገኙበትን ገጽም ለሠልጣኞችዎ ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው።